«የመጨረሻው ነው» ሲሉ ትኬቱ ለምን ይወደዳል?

የ80 ዓመት ሰው ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት እየዘለለ ሲዘፍን ማየት ለደብረ ብርሃን ሰው ትንሽ ግራ ያጋባል። እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ ወጉ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ መሞቅ ነው። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ዘፋኝ ሚክ ጃገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024፣ በዚሁ ዕድሜው፣ አሜሪካን በኮንሰርት ሲያካልል ከረመ። የጉዞው ስፖንሰር ደግሞ ኤኤአርፒ ነበር። ቢራ ወይም ስልክ የሚሸጥ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ አሜሪካውያን ማኅበር ነው።

መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ስፖንሰሩ ነገሩ ገብቶታል። ትኬቱን የሚገዛው ማን እንደሆነ ያውቃል። እነ ጃገርን በጉርምስናው ያፈቀረ ሰው ዛሬ ልጆቹን ድሯል፣ የቤት ዕዳውን ጨርሷል፣ ጡረታ ወጥቷል ወይም ሊወጣ ነው። ያኔ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። አሁን ገንዘቡ አለ፤ ያጠረው ጊዜ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። (ከዚህ በታች የውጭውን ጉዳይ ሳነሳ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኮንሰርት ገበያን የሚከታተለው ፖልስታር መጽሔት በ2024 የዓለምን 100 ትልልቅ የኮንሰርት ጉዞዎች ሲያሰላ፣ የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋ 135.92 ዶላር ሆኖ አገኘው። ይህ የሮክ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ዓይነት ሙዚቃ ነው። ከኮቪድ በፊት፣ በ2019፣ 96 ዶላር አካባቢ ነበር። በ1996 ደግሞ 26 ዶላር ገደማ። በእነዚህ 28 ዓመታት አሜሪካ ውስጥ አጠቃላይ የኑሮ ውድነት እጥፍ ያህል ነው የጨመረው። ትኬቱ ከኑሮው ጋር እኩል ቢሄድ ኖሮ 52 ዶላር አካባቢ ላይ በቆመ ነበር።

የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ስልኩ ውስጥ ያለው ግማሹ ሮክ ነው፤ ከየት እንደለመደው እንጃ። ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ዶላሩን በ150 ብር ስናባዛው አማካዩ ትኬት ከ20 ሺህ ብር አለፈ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ጀማሪ የወር ደመወዙ 11,500 ብር ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ወር ሠርቼ ሁለት ሰዓት?» አለኝ። እውነቱን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አሜሪካዊውም እያማረረ ነው።

ስግብግብነት ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። ስግብግብነቱስ አለ። ግን ሰው በ1996ም ስግብግብ ነበር። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ድሮ ኮንሰርት የሚዘጋጀው ሸክላና ሲዲ ለመሸጥ ነበር። ባንዱ ከተማ ለከተማ ሲዞር ቢከስር እንኳ አሳታሚው ኪሳራውን ይሸፍንለታል። ትኬቱ ርካሽ ሲሆን ብዙ ሰው ይገባል፤ የገባው ሰው በማግስቱ ሙዚቃ ቤት ሄዶ አልበሙን ይገዛል። ስለዚህ ትኬት ማስወደድ በገዛ ገበያ ላይ መቀለድ ነበር። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በ1999 የአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ የዚያን ግማሽ አልሞላም። አሁን ከስትሪሚንግ (ሙዚቃን በኢንተርኔት ከማስደመጥ) ትንሽ ትንሽ አገግሟል፤ ግን አንድ ዘፈን አንዴ ሲደመጥ የሚገኘው የአንድ ሳንቲም ክፋይ ነው።

እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ2002 ለኒውዮርክ ታይምስ ሲናገር ሙዚቃ እንደ ቧንቧ ውኃና እንደ መብራት እንደሚሆን፣ ሙዚቀኞችም ብዙ ለመዞር እንዲዘጋጁ፣ የሚቀራቸው ልዩ ነገር መድረኩ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አለን ክሩገር የተባለው የፕሪንስተን ኢኮኖሚስት (በኋላ የፕሬዚዳንት ኦባማ አማካሪ የሆነው) በ2005 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ በቁጥር ፈተሸው፤ ስሙንም በቦዊ ሰየመው። አልበሙ የማያስገባ ከሆነ ትኬቱን ርካሽ የሚያደርግ ምክንያት የለም። ሁሉም ወጪ ትኬቱ ትከሻ ላይ ወጣ።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ድምፅ ማጉያቸውን ወደ አስፋልት አዙረው ሰፈሩን ሁሉ በግድ ሲያስደምጡ የነበሩት ካሴት ቤቶች የት ገቡ? ከነሱ ጋር የዘፋኙም ገቢ ሄደ። ዛሬ የእኛ ድምፃዊ የሚኖረው በኮንሰርት፣ በሰርግ፣ በዩቲዩብ እና ባሕር ማዶ ባለው ወገን ነው።

ሌላው ለውጥ የንግዱ አሠራር ነው። ቀድሞ በየከተማው የራሱ አዘጋጅ ነበረ። ባንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ይደራደራል። በ1989 ማይክል ኮል የሚባል ካናዳዊ ፕሮሞተር የሮሊንግ ስቶንስን ጉዞ ሙሉውን በጅምላ ገዛው። ትኬቱን፣ ስፖንሰሩን፣ ቲሸርቱን፣ ሁሉንም። ያን ያህል ብር ቀድሞ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ከየትም ብሎ ማውጣት አለበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ኢግልስ የሚባሉት አሜሪካውያን ሮከሮች ተለያይተው ከኖሩበት ተሰብስበው ሲመለሱ ትኬታቸው 100 ዶላር አለፈ። ያኔ ጉድ ተባለ። ጉድ ግን አንድ ሰሞን ነው። ሰው ገዛ፤ ሌሎቹም አይተው ተከተሉ።

አሁን ደግሞ ስለ አየር በአየር ነጋዴው። ትኬት ከዋናው ሻጭ በ100 ዶላር ገዝቶ በ600 የሚሸጥ ሰው ሁሌም ነበር። ድሮ ስታዲየም በር ላይ ቆሞ በጆሮህ እያንሾካሾከ ነበር የሚሸጠው። አሁን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በሰከንድ መቶ ትኬት የሚያፍስ ፕሮግራም አለው። አሜሪካ ይህን ፕሮግራም በ2016 በሕግ ከልክላለች፤ ነጋዴው ግን ዛሬም አለ። ባንዶቹ ይህን ሲያዩ አንድ ጥያቄ መጣባቸው። መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት የማልበው እኔ፣ ትርፉን የሚወስደው እሱ፣ ለምን?

አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ2022 የነጋዴውን ትርፍ ራሱ ለመውሰድ ሞከረ። ለሠርቶ አደሩ የሚዘፍን ተብሎ የሚወደድ ሰው ነው። ትኬቱ ሲወጣ ግን አንዳንዱ ወንበር እንደ ፈላጊው ብዛት እየናረ 5,000 ዶላር ደረሰ። ሻጩ ድርጅት እንዲህ የተሸጠው ከ12 በመቶ ያነሰው ነው፣ አማካዩም 262 ዶላር ነው ብሎ ተከላከለ። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። አፍቃሪው ግን አማካይ አይገዛም፤ ፊቱ ላይ የመጣለትን ነው የሚገዛው።

በጣም ያናደደኝ የእንግሊዙ ባንድ የኦኤሲስ ነው። ባንዱን የሚመሩት ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው በ2009 ፈረሰ። ከ15 ዓመት በኋላ ታረቅን አሉ። ነሐሴ 31 ቀን 2024 ትኬቱ ወጣ። ሰው ከማለዳ ጀምሮ ስልኩ ላይ ተሰለፈ። ፊትህ 100 ሺህ ሰው አለ ይልሃል። ሰዓት አለፈ። ተራው ሲደርስ 150 ፓውንድ ገደማ የተባለው የቁም ትኬት ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቀው። ለመወሰን ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥህ። ከዚያ ያመልጥሃል። ግማሽ ቀን የተሰለፈ ሰው «ይቅርብኝ» ማለት ይከብደዋል፤ ይህን ሻጩም ያውቃል።

ሁሉም ዋጋውን ኮምፒውተሩ በየደቂቃው እየሰቀለው ነው አለ። የብሪታንያ የገበያ ተቆጣጣሪ ሲመረምር ግን ያገኘው ከዚያ የቀለለና የባሰ ነገር ነበር። ያው አንድ የቁም ትኬት ሁለት ዋጋ ወጥቶለታል። መጀመሪያ ርካሹ ተሸጠ። ሲያልቅ ውዱ ተለቀቀ። ተሰላፊው ይህን የነገረው ሰው የለም። ውድ ዋጋ ጽፎ መለጠፍ አንድ ነገር ነው። ሰውን በርካሽ ዋጋ ጠርቶ፣ አድክሞ፣ ውዱን መስጠት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ንግድ ነው፤ ለሁለተኛው መርካቶም ስም አለው።

ባንዱ ርካሽ ላድርግ ቢልስ? ኪዩር የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2023 ሞክሯል። መሪው ሮበርት ስሚዝ ዋጋ እንዳይዋዥቅ ከለከለ፤ ዝቅተኛውን ትኬት 20 ዶላር አደረገው። አንድ ሰው አራት ትኬት ገዛ። 80 ዶላር መሆን ነበረበት። ደረሰኙ ግን እንዲህ ይላል፦ በእያንዳንዱ ትኬት 11.65 ዶላር የአገልግሎት፣ በእያንዳንዱ 10 ዶላር የአዳራሽ፣ በመጨረሻ 5.50 የማስተናገጃ። ክፍያው ብቻ 92.10 ዶላር ሆነ። ከትኬቱ በለጠ! ስሚዝ በአደባባይ ተቆጣ። ሻጩ ቲኬትማስተር ለእያንዳንዱ ትኬት ከ5 እስከ 10 ዶላር መለሰ።

እዚህ ላይ የማንወዳቸውንም ሰዎች በፍትሕ እንያቸው። ከትኬቱ የፊት ዋጋ ወጪ ሲቀነስ አብዛኛው ለአርቲስቱ ነው የሚሄደው፤ ትልልቆቹ ከተጣራው 85 እና 90 በመቶ ድረስ ይወስዳሉ። አዘጋጁ የሚያተርፈው ከቢራው፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከነዚያ ክፍያዎች ነው። ስለዚህ ቲኬትማስተር የሚሰደበው የባንዱንም ስድብ ጨምሮ ተቀብሎ ነው። ለዚህም ይከፈለዋል ማለት ይቻላል። ጥያቄው ሌላ ሻጭ ለምን የለም የሚለው ነው። ፐርል ጃም የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ1994 ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በቲኬትማስተር ላይ አቤት ብሎ ነበር። ፋይሉ በዓመቱ ተዘጋ። በ2010 ቲኬትማስተር ከትልቁ አዘጋጅ ከላይቭ ኔሽን ጋር ተዋሃደ። ያው ሚኒስቴር በግንቦት 2024 ተነሥቶ ይህን ድርጅት በገበያ ጠቅላይነት ከሰሰው። ሠላሳ ዓመት ለአቤቱታ ረጅም ነው።

ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚሰቅለው «የመጨረሻው» የሚለው ቃል ነው። ዘ ሁ የሚባሉት እንግሊዛውያን ሮከሮች በ1982 ደኅና ሁኑ ብለው ዞሩ። በ2025 ደግሞ አሜሪካን ደኅና ሁኚ ሊሉ ዞሩ። ኪስ (Kiss) የሚባሉት አሜሪካውያን በ2000 ተሰናበቱ፤ ተመልሰው እንደገና ሲሰናበቱ 2023 ደረሰ። እንግሊዛዊው ሮከር ኦዚ ኦዝበርን በ1992 ከእንግዲህ ጉዞ በቃኝ ብሎ ነበር። ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይገዛል? አንዳንዴ እውነት ስለሚሆን ነዋ። ኦዚ ሐምሌ 5 ቀን 2025 ባደገባት በርሚንግሃም ከጥንት ባልደረቦቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ተባለ። በ17ኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ ማንም የሽማግሌ ትኬት ሻጭ «የመጨረሻው ነው» ሲል ለማሾፍ አፉ አይደፍርም።

እኛም ይህን ስሜት እናውቀዋለን። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ ሳላየው የሚል ስንት ሰው ነበር። ማህሙድ አህመድ በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ ላይ ሲሰናበት ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እንዲህ ላለው ምሽት የትኬት ዋጋ አይቶ የሚመለስ ሰው ትንሽ ነው፤ ቢመለስም ሲቆጨው ይኖራል።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ፈረንጆቹ እንደ አዲስ ፈጠራ የሚነታረኩበት «ዋጋ እንደ ኪስ» እኛ ዘንድ ጥንት ነው። ሚንጃር ሰርግ ላይ አዝማሪ ዳስ ውስጥ ሲገባ ማን ስንት ይክፈል የሚል ታሪፍ የለም። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያያል። ሀብታሙን ለይቶታል። አጎንብሶ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነፈረስ ስሙ ያነሳዋል። ሰውየው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ከአፉ ነጥቆ አሳምሮ ይመልስለታል። ሰውየው ባለ 200 ብሩን ምራቅ ቀባ አድርጎ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አጠገቡ ያለው እንዳያንስ ሁለት ይለጥፋል። ዳሱ ጠርዝ ላይ የቆመው እረኛ አምስት ሳንቲም አልከፈለም። ዘፈኑን ግን እኩል ሰምቷል፤ እንዲያውም ግጥሙን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አዝማሪው ከሀብታሙ ብዙ ሲወስድ ድሀው እንዲሰማ በሩ አልተዘጋም። ስታዲየሙ ከሀብታሙ ብዙ ወስዶ ድሀውን ደጅ ያስቀራል። ፊት ረድፍ 5,000 ዶላር ሲሸጥ የኋላው በእውነት 30 ዶላር ቢሆን እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም። ይክፈሉ! ሮሊንግ ስቶንስም የተወሰኑ ርካሽ ትኬቶች ይሸጣሉ፤ ወንበርህ የት እንደሆነ የምታውቀው በዕለቱ ነው፣ ከፊትም ሊደርስህ ይችላል፣ ከጣራ ሥርም። ጥሩ ዘዴ ነው። ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው።

ሕጉ ቀስ እያለ እየመጣ ነው። አሜሪካ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሻጭ ሙሉውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳይ፣ ክፍያ በመጨረሻ እንዳይደብቅ አዝዛለች። ጃፓን ከ2019 ጀምሮ አየር በአየር ትኬት ንግድን ትከለክላለች። ብሪታንያም ከተጻፈው ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥን ለመከልከል አቅዳለች። እነዚህ ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል እንጂ የሚያረክሱት አይመስለኝም። ፈላጊው ብዙ፣ ዘፋኙ አንድ፣ ዕድሜውም 80 ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ላይ መደበኛ፣ ቪአይፒ፣ ቪቪአይፒ ማለት ከተለመደ ቆየ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ሳውንዱ፣ መብራቱ፣ ስክሪኑ ሁሉ የውጭ ዕቃ ነው፤ የኪራዩም ዋጋ አብሮ ወጣ። ቢራውም ሸሽቷል። በደብረ ብርሃን ሐበሻና ዳሸን ይጠመቃሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ድሮ ኮንሰርት ሲነሣ ከጀርባው የቢራ ገንዘብ አይጠፋም ነበር። ስፖንሰር ሲሳሳ ጉድለቱን የሚሞላው ያው ትኬቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሮከሮች አሁን አዲስ ነገር ጀምረዋል። ከተማ ለከተማ መዞር ደክሟቸዋል፤ ወጪውም ከብዷል። ስለዚህ አንድ ቦታ ተቀምጠው ሰው ወደነሱ ይምጣ ይላሉ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ስፊር የሚባል ግዙፍ ክብ አዳራሽ አለ። በ2023 ዩቱ የተባለው የአየርላንድ ባንድ ከፈተው፤ ኢግልስም በ2024 ተከተሉ። የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ አፍቃሪው ይሸከማል። ትኬቱ ላይ የማይታይ ዋጋ ማለት ይህ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ አዲስ ያወሩታል። የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳ፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ግን መቼ ሌላ ነገር አየ? ኮንሰርት አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ኮንሰርቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳይሆን አይሞቅም። ሲያልቅ ወደ ቤት የሚመለስ መኪና የለም፤ ቢኖርም በዚህ ጊዜ ሌሊት መንገድ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ትኬት፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ እራት። የእኛ አገር አዘጋጅ ትኬቱን በ500 ብር ቢቀንስ መሐል ሜዳ ላለው ልጅ የሚቀንስለት ከጠቅላላው ጥቂቱን ነው።

ዘፋኙ ወደዚህ ይምጣ ብንልስ? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ሜዳ ላይ ኮንሰርት ላዘጋጅ የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ 12 ሰዓት ላይ ቢያበቃ ግን የጫጫውም፣ የደብረ ሲናውም አልጋ ሳይከራይ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ሂሳቡ ነው። ሳውንዱን፣ ጄኔሬተሩንና መድረኩን ጭኖ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ለአንድ ከሰዓት ብቻ ከመጣ ወጪው ሁሉ በአንድ ከተማ ታዳሚ ላይ ይወድቃል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ቢቀጥል ለሁለት ይካፈላል፤ ሁለቱም በዚሁ አስፋልት ላይ ናቸው። ስለዚህ የደብረ ብርሃን ትኬት ስንት ይሁን ብሎ የሚያስብ አዘጋጅ መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ከጣርማ በር ወዲያ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ነው።